የእንግዳ እናት ትፈለጋለች

ቡታጅራ ሥራ ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ዓመቱን ወልቂጤ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ስልኬ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ከረምኩ። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለእሱ ሥራ ማለት መደቡና ደረጃው የታወቀ፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር ነው። እኔ የማነባቸው ማስታወቂያዎች ግን ሌላ ዓለም ነበሩ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ሻጭ አይፈልግም፤ የሚፈልገው «የሽያጭ ጀግና» ነው። ስልክ አንሥታ የምትመልስ ልጅ «የደንበኛ ደስታ አምባሳደር» ትባላለች። አንድ ቀን «የሊጥ ጠቢብ» የሚል አይቼ ለአባቴ ባነብለት መነጽሩን አወለቀና «ዳቦ ጋጋሪ ነው?» አለኝ። ይመስለኛል አልኩት። «ታዲያ እንደዚያ ብለው ቢጽፉ ምን ይሆናሉ?» አለ።

ቡታጅራ ያገኘሁት ሥራ ስሙ አጭር ነበር፤ ሪሴፕሽን። ከሆሳዕና መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ሲደክማቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ሐጂ» ነበር የምንላቸው። ቤታቸው መጠጥ አይሸጥበትም፤ ጫጫታም የለበትም። የሚያርፉበት ሹፌሮች፣ መድኃኒት አከፋፋዮች፣ ለሥልጠና የሚመጡ የጤና ባለሙያዎችና አንዳንዴም ሙሽሮች ነበሩ። እኔ በስሜ ሪሴፕሽን ልሁን እንጂ ሠራተኛ የምቀጥረውም፣ ማስታወቂያ የምጽፈውም፣ ውኃ ሲጠፋ ቦቴ የምጠራውም እኔው ነበርኩ።

ችግራችን የጽዳት ሠራተኛ ነበር። «የጽዳት ሠራተኛ ትፈለጋለች» የሚለው ወረቀት መናኸሪያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ዝናብ እስኪያጥበው ተለጥፎ ይቆያል። የምትመጣውም ልጅ ሳምንት ሠርታ፣ አንድ ጠዋት ስልኳን ዘግታ ትጠፋለች። እኔም እነዚያ ያነበብኳቸው ስሞች ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበሩ፣ ስሙ ይሆናል የሚያባርራቸው ብዬ አሰብኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ አልኩና ለሁሉም የሥራ መደብ አዲስ ስም አወጣሁ። አስተናጋጇ «የመስተንግዶ እመቤት» ሆነች፤ ወደደችው። ዘበኛችንን «የበር አባት» ልበለው ብዬ ባማክረው ግን ተቆጣ። «ዘበኛ ነኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው ስሜ የሚቀየረው?» አለኝ። እሱን ተውኩት።

ለጽዳት ሠራተኛዋ ብዙ አሰብኩ። አልጋ የምታነጥፍ፣ አንሶላ የምታጥብ፣ ክፍል የምትጠርግ፣ እንግዳው የረሳውን ዕቃ አንሥታ የምታስቀምጥ ሰው። መጨረሻ ላይ የጻፍኩት «የእንግዳ እናት ትፈለጋለች» የሚል ነበር። ከሥሩ አድራሻውንና ስልኩን ብቻ አስቀመጥኩ።

ሐጂ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ መልሰው አስጠግተው አነበቡት።

«እናት በማስታወቂያ ትገኛለች?» አሉ።

«ስም ነው፣ ሐጂ። ሰው እንዲስብ ነው።»

«እንግዲህ ለጥፊው፤ እናያለን።»

ለጠፍኩት፤ ቴሌግራም ላይም አወጣሁት። ቴሌግራሙ ላይ ወጣቶቹ ተጫወቱብኝ። አንዱ «አባትስ አያስፈልጋችሁም?» አለ፤ ሌላው «የእንጀራ እናት ከሆነች አለችን» ብሎ ጻፈ። አንዲት የተመረቀች ልጅ ደውላ የትምህርት ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሥራውን ስነግራት «ውይ፣ ጽዳት ነው እንዴ?» ብላ ዘጋችው።

በመጨረሻ ለሥራው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጡ፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከመስቃን ገጠር በጋሪ መጥተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ መናኸሪያው ጋ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ሻሻቸውን አጥብቀው አሥረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉኝ። «እናት የሚፈልገው ቤት ይሄ ነው?»

አማርኛቸው የገጠሩ ጉራጌ አማርኛ ነበር፤ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፣ ቃሉን ከመናገራቸው በፊት ትንሽ የሚጠብቁት ዓይነት። ወንበር ሰጠኋቸው። ስለ ሥራ ልምድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን በእንዲህ ያለ ስም ላይ የሥራ ልምድ እንዴት እንደሚጠየቅ አላወቅሁም።

«ከዚህ በፊት... ሠርተው ያውቃሉ፣ እማማ?»

«እናትነት?»

«አዎ።»

«ወልጃለሁ እንጂ። ወንዶቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሴቷ ሳውዲ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። አባታቸው አረፈ።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ቤቱ ለብቻዬ ሰፋኝ። ያቺ ልጅ ወረቀቱን ስታነብልኝ፣ እናት የሚፈልግ ቤት አለ እንዴ ብዬ መጣሁ።»

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ስሙን እንደ ተጻፈ አምነውት ነው የመጡት። ጉሮሮዬን ጠርጌ ሥራውን አስረዳኋቸው፤ አንሶላ መቀየር እንዳለ፣ መጥረግ እንዳለ፣ ሽንት ቤት ማጠብ እንዳለ። እያንዳንዱን ስጠራ ፊታቸው ይቀየራል ብዬ ጠበቅሁ። ጨርሼ ዝም ስል እሳቸው ገና የሚቀር ነገር ያለ መስሏቸው ያዩኛል።

«ይሄንንማ እናት ካልሠራች ማን ይሠራዋል?» አሉ።

በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። ከኋላ በኩል ካለችው ትንሽ ክፍል ገቡ፤ ዓርብ ዓርብ ወደ አገራቸው ሄደው ቤታቸውን አይተው ይመለሳሉ። ቤቱ በጥቂት ቀን መልኩ ተለወጠ። አንሶላው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ግን አንሶላ በማንጠፍ ብቻ አልቆሙም። ጠዋት የእንግዳውን በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ነጋልህ?» ይላሉ። ያልበላ ሰው ካዩ ወጥ ቤት ገብተው ይሟገቱለታል። ሩቅ መንገድ ለሚነዳ ሹፌር፣ ሳይተኛ እንዳይወጣ ያስምሉታል። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይስቃል። አንዳንዱ ሹፌር እንዲያውም ጊቢ ውስጥ ገና ሳይወርድ «እናቴ የት አለች?» ብሎ ይጣራ ነበር።

ሁሉም ግን አልወደደውም። አንድ ከአዲስ አበባ ለፕሮጀክት ሥራ የሚመላለስ ሰው አንድ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ መጣብኝ። ከአልጋው ላይ የጣለውን ሸሚዝ እማማ አጣጥፈው አስቀምጠውለታል። ይህስ ደህና ነው። ስልኩ ሲጮህ ሲጮህ ባለማንሣቱ ግን «ማናት እንዲህ የምታስለምናት? አንሣላት እንጂ» ብለውታል።

«እኔ ክፍል ነው የተከራየሁት» አለኝ። «ሽማግሌ አልጠራሁም።»

ነገሩ ሐጂ ጆሮ ደረሰ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ «የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አሁንም አንቺው አስረጂያቸው። እንግዳ ይሸሻል።»

እማማን ከጓሮ አንሶላ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው፤ አብረን ጨመቅነው። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

«እማማ፣ ያ ማስታወቂያው ላይ ያለው ስም... ስም ብቻ ነው። ሰው እንዲመጣ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሥራው የጽዳት ነው።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጉት። ጫፉን ከጫፉ አስተካከሉት።

«እንግዲያ እናትነቱን ልተውና አንሶላውን ላንጥፍ ነው የምትይኝ?»

«እንግዶቹ... አንዳንዶቹ ስላልለመዱት ነው።»

«እሺ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በር አንኳኩተው «ጽዳት» ብቻ ይላሉ። እንግዳውን «ጌታዬ» ይሉታል። ክፍሎቹ እንደ ወትሮው ንጹሕ ናቸው፤ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰውም የለም። ሹፌሮቹ ሲጣሩ ከጓሮ ብቅ ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመለሳሉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ኮሪደሩን ሳየው ሆቴል ሆቴል መሰለኝ። የፈለግነው ይሄንን አልነበር? ግን ምሳዬን ስበላ አጠገቤ መጥተው መቀመጥም አቆሙ። ያ ነው በጣም የከበደኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት መጣ። ከሳውዲ ተባርሮ የተመለሰ ነው። ጺሙ አድጓል፤ በእጁ ፌስታል ብቻ ይዟል። ለአንድ ቀን ብሎ ክፍል ያዘ። በማግስቱ ጠዋት ወረደና ወደ መስቃን ገጠር፣ እነሱ ሰፈር ድረስ የሚሄድ ባጃጅ እንዳለ ጠየቀኝ። አለ፤ ሩቅም አይደለም አልኩት። አመሰገነኝና በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። መንገዱን አየ። ባጃጆቹ አጠገቡ ዘግየት እያሉ «ትሄዳለህ?» ይሉታል። ብዙ ከቆመ በኋላ ዞሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ቀን ወርዶ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት፤ ወጥቶ ቆሞ ተመለሰ። ከዚያም እንዲሁ። ምግብ ሲያስመጣ አላየሁትም። ምን ልበለው? እንግዳ ነው፤ አታናግሩ ብዬ የከለከልኩትም እኔው ነኝ።

አንድ ጠዋት ልጁ ከበሩ ሲመለስ እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያዩታል። አልፏቸው ገባ። በሩን ሲዘጋ ወደ እኔ መጡ።

«ያ ልጅ እናት አለችው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«አለችው። እናት የሌለው ሰው እንዲህ አያፍርም።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ያንን ስም የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። የወሰዳችሁትም እናንተ ናችሁ። አልተቀየምኩም። ለዛሬ ግን መልሱልኝ።»

ሐጂን አላስፈቀድኩም። «ይግቡ» አልኳቸው።

ፎጣ ላቀብላቸው ተከትያቸው ሄድኩና በሩ ላይ ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በምክር የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ምንም አልጠየቁትም። መጋረጃውን ከፈቱ፤ «ተነሣ ልጄ፣ አንሶላህን ልቀይርልህ» አሉት። ተነሥቶ ጥግ ላይ ቆመ። አንሶላውን ለወጡ፤ የትራሱን ልብስ አወለቁ፤ ትራሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ፎጣውን ከእጄ ተቀብለው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«ታጠብ። ከዚያ እንበላለን።»

የቡላ ገንፎ ሠርተው ጊቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር አቀረቡለት። እኔንም ጠሩኝ። ልጁ መጀመሪያ በማንኪያው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው፤ ከዚያ ቀና ሳይል በላ። ሲጨርስ ነው ማውራት የጀመረው፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«ለእናቴ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዤ እመጣለሁ ብያት ነበር» አለ። «ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ሸኝቶኛል። አሁን በዚህ ፌስታል እንዴት ብዬ ልግባ?»

እማማ የገንፎውን ሳህን አነሡ።

«ሻንጣውን ነው እንዴ የወለደችው?» አሉት።

ልጁ ሳቀ። የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እማማ ወንበራቸውን አስጠግተው ጀርባው ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ እስኪወጣለት ድረስ ጠበቁት። እኔ ወጥ ቤት ውኃ ላመጣ ብዬ ሄጄ ሳላመጣ እዚያው ቆየሁ።

ወደ እኩለ ቀን ላይ ልጁ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። ብቻውን ግን በሩን የሚያልፍ አልመሰለንም። እማማ ሻሻቸውን ቀየሩና «አደርሰዋለሁ» አሉ። «አንቺም ነይ። እህቱ ትመስያለሽ።» በሩ ላይ ስንደርስ ሐጂ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ አገኙን። እማማን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ፌስታሉን አዩ። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ። ማብራሪያዬን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

ሐጂ ግን የተናገሩት ለልጁ ነው።

«በዚህ ጸጉር ነው እናትህ ፊት የምትቀርበው?»

እጁን ያዙና መንገዱን አሻግረው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት አስገቡት። ራሳቸው ከአጠገቡ ቁጭ ብለው «እዚህ ጋ አሳጥረው፤ ጺሙን አስተካክለው» እያሉ ያዝዙ ነበር። እማማና እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆመን በመስተዋቱ ውስጥ የልጁ ፊት ቀስ በቀስ ሲወጣ እናያለን። የሚያምር ልጅ ነበር። በጣም ልጅ ነበር።

ባጃጁ ላይ እማማ መሐል ተቀመጡ። አስፋልቱን ለቅቀን የጠጠሩን መንገድ ስንይዝ፣ ወደ ልጁ ዞር አሉ።

«እዚያ ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች» አሉት፣ «እንቅልፍ ይተኛሉ?»

ልጁ መንገድ ዳር ያለውን እንሰት ያያል።

«የማውቃቸው አሉ» አለ። «የዕረፍታቸው ቀን ሲሰበሰቡ አያቸው ነበር። ይሥቃሉ። ሲሥቁ ከሩቅ ይሰማል።»

«የእኔም ሳቂታ ናት» አሉ እማማ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ቀለል ብሎ ነበር።

የልጁ እናት ከቤቱ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ነበር። ባጃጁ ሲቆም ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሱን። የሆነ ድምፅ አወጣች፤ ቃል አይደለም። እየሮጠች መጥታ አጠገቡ ስትደርስ እጆቿን ወደ ኋላ ሰበሰበቻቸው። «እጄ ቆሻሻ ነው፣ እጄ ቆሻሻ ነው» ትላለች፤ ሸሚዙን እንዳታበላሽበት ነው። እሱ ነው ጎትቶ ያቀፋት። ከዚያ እሷም ረሳችው፤ እጇን ጀርባው ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ ገና የተቆረጠው ጸጉሩ ላይ አደረገች፤ እያለቀሰችም «እጄ ቆሻሻ ነው» ማለቷን አላቆመችም። ፌስታሉ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ያየው ሰው የለም።

እማማ ከባጃጁ ወርደው አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ አልገቡም። የልጁ እናት ከብዙ ቆይታ በኋላ አየቻቸውና በጉራጌኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እማማም በዚያው መለሱ። ሴቲቱ መጥታ እጃቸውን ሳመች። እኔ ቋንቋውን ብዙም አልሰማም፤ ስንመለስ ምን እንዳሏት ጠየቅኋቸው።

«ማነሽ አለችኝ። አንቺ ዘንድ እስኪደርስ የጠበቅሁት ነኝ አልኳት።»

በማግስቱ ሐጂ ወደ ጓሮ ሄዱ። እማማ እንደ ልማዳቸው ልብስ ያሰጣሉ። ሐጂ ራቅ ብለው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ እንደ ቀድሞሽ ሁኚ» አሉ። «እንግዳው ስልክ ሲጮህበት ብቻ ተይው።»

«ሁለቴ ሲጮህ እተወዋለሁ» አሉ እማማ። «ሦስተኛውን ግን እንጃ።»

ሐጂ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ያ የፕሮጀክቱ ሰው ከዚያ ወዲያ አልመጣም፤ ሌላ ቦታ ያርፋል ሲሉ ሰማሁ። እማማ ግን አልረሱትም። አልፎ አልፎ፣ ምንም ሳንነጋገር፣ «ያቺን ልጅ ደወለላት ይሆን?» ይሉኛል። ከሳውዲ የተመለሰው ልጅ ከወራት በኋላ ቡታጅራ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። እማማ ዓርብ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ከፊት አስቀምጦ ሊወስዳቸው ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ከኋላ ነው የሚመቸኝ እያሉ በየሳምንቱ ይከራከራሉ። በስልክም ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ እሰማቸዋለሁ፤ ስለ ቤቱ እንግዶች ነው የሚያወሩላት፤ ይህኛው ጉንፋን እንደያዘው፣ ያኛው እንዳገባ፣ ሁሉንም እንደምታውቃቸው አድርገው።

እኔ ቡታጅራን የለቀቅሁት ወልቂጤ የመንግሥት ሥራ ሳገኝ ነው። አባቴ ደስ አለው፤ መደቡም ደረጃውም የታወቀ ነው። አሁን የምጽፋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስሙን ከተሰጠኝ ላይ ገልብጬ፣ ተፈላጊ ችሎታውን ከሥሩ አሰፍራለሁ። አንዳንዴ «የጽዳት ሠራተኛ» ብዬ ስጽፍ ጣቴ ይቆማል። ያ ስም ትክክል እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። የማይገባንን ነገር በነፃ የጠየቅንበት ስም ይመስለኛል፤ ደመወዙ የጽዳት ሆኖ የሚፈለገው ደግሞ ልብ። ግን እሳቸውን ያመጣው እሱ ነው። ሁለቱንም አብሬ ይዣቸዋለሁ።

በሄድኩበት ቀን እማማ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣዬን ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው ያዙት። መኪናው ሊሞላ ነው፤ የቀረው መሐል ላይ ያለ ወንበር ነበር። እማማ ረዳቱን ክንዱን ያዙት።

«መስኮት ጋ አስቀምጥልኝ» አሉት። «ልጄን መኪና ያማታል።»

እኔን መኪና አሞኝ አያውቅም። ረዳቱ አየኝ፤ እሳቸውን አየ፤ መስኮት ጋ ያለውን ሰውዬ ለምኖ አስነሣው። ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እማማ ከውጭ ሆነው በእጃቸው ክፈቺው፣ ክፈቺው እያሉ ያመለክቱኛል። መስኮቱን ከፈትኩት፤ ከከተማው እስክንወጣም እንደ ተከፈተ ተውኩት።